መጻሕፍቱን በሰኔ አትቆልፉባቸው

ለትምህርት ሚኒስቴር፣
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣
ለመካከለኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች በክረምት የሚያነቡትን መጽሐፍ ተውሰው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንዲት የወረዳ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር መምህር ነኝ። የምጠይቀው አዲስ ሕንጻ አይደለም፤ አዲስ ሥርዓተ ትምህርትም፣ አዲስ ግብረ ኃይልም አይደለም። በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ ክረምቱን በተማሪዎቻችን ቤት ይክረም፤ ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ይህን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ ደብዳቤ ምን አስፈለገው ትሉ ይሆናል። ቀላል ያልሆነበትን ምክንያት ላስረዳ።

በአገራችን ሰኔ 30 ሁለት ዓመት በአንድ ቀን ይዘጋል፤ የትምህርቱና የበጀቱ። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት የመንግሥት ንብረት መቆጠር አለበት። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ኮምፒውተሩ ይቆጠራል፤ መጽሐፉም አብሮ ይቆጠራል። ለመቁጠር ደግሞ መሰብሰብ ግድ ነው። ስለዚህ ሰኔ እንደገባ «በእጃችሁ የሚገኝ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ በሙሉ በአስቸኳይ ይመለስ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል። ክሊራንስ ያላስፈረመ ተማሪ ካርዱን አይወስድም። ቆጣሪው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤውን ፈራርሞ ሲወጣ ክፍሉ ይቆለፋል፤ ዳግመኛ የሚከፈተው መስከረም ጠብቶ፣ ምዝገባውም ካለቀ በኋላ ነው።

ውጤቱን እንመልከተው። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ በቤት ሥራ፣ በአሳይመንትና በፈተና ተወጥሮ ልብ ወለድ የሚገልጥበት ፋታ ባጣበት ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው። ፋታ ባገኘ ማግስት ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴን ከነጳጉሜን ብንቆጥር 65 ቀን ነው። በቀን ዐሥር ገጽ ብቻ የሚያነብ ልጅ በዚህ ጊዜ 650 ገጽ ይጨርሳል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ ዳር አድርሶ ሌላ ይጀምራል ማለት ነው። እኛ ግን መጽሐፉን ከእጁ ተቀብለን እንሸኘውና መስከረም ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሥር አሰልፈን «የዛሬ ልጅ አያነብም» እንለዋለን።

አንድ የሰኔ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ተማሪዎች ክሊራንስ ለማስፈረም ተሰልፈዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ይዛለች። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጣዋለች፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ከገጾቹ መካከል ብቅ ብሏል። ወረቀቱ ያለበትን ሳየው ሩብ ያህል ነው የቀራት። ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችውም።

«እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ነገ በጠዋት ላምጣው?»

«ልጄ፣ ነገ ኮሚቴው ይገባል። እኔ ምን ከፋኝ፤ ግን በስሜ ነው የተመዘገበው» አለቻት ሠራተኛዋ፣ እጇን እንደዘረጋች።

ልጅቱ ወረቀቷን ከመጽሐፉ አውጥታ ኪሷ ከተተችና መጽሐፉን ሰጠች። ክሊራንሷ ላይ ማኅተም ተመታላት። በማግስቱ ቤተሰቦቿ ወዳሉበት ቀበሌ ሄደች፤ መንገዱ እስከሚያልቅበት በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን በዚህ አልወቅሳትም። ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ገቢ ያደረገውን መጽሐፍ እሷ በሞዴል 22 ፈርማ ተረክባለች። አንድ ቢጎድል ከደመወዟ ይቆረጣል። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ልዛወር ብትል የጎደለው ካልተተካ ክሊራንስ አታገኝም። ደመወዟ ምን ያህል እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። በዚህ ላይ ተማሪ ባነበበው መጽሐፍ ብዛት አንድም ሰው አመስግኗት አያውቅም፤ የምትመሰገነው «ንብረቷ የተሟላ ነው» ተብሎ ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? እሷ የምትጠብቀው የእንጀራዋን ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ምስጥ የበላውን፣ ጣሪያ አፍስሶ ያበሰበሰውን መጽሐፍ ኮሚቴ አይቶት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ከመዝገብ ይሰረዛል። ለምስጥ ሥርዓት አለን። ልጅ ወስዶት በአራት ሰው እጅ ሲዞር ገጹ የተገነጠለ ወይም የጠፋ መጽሐፍ ግን ዕዳ ነው። ሳይነበብ ያረጀ መጽሐፍ ጠያቂ የለውም፤ ተነቦ የጠፋ መጽሐፍ ተጠያቂ አለው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተተረተ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው «ቤተ መጻሕፍት ሞልቶ የለም እንዴ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ለዋና ከተማዋ ልጅ ወመዘክር አለለት፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ተከፍቶለታል። መከፈቱ ያስደስተኛል፤ ከዚህ የሄዱ ተማሪዎቼም ገብተው አይተውት በስልክ ፎቶ ልከውልኛል። እኔ የማወራው ግን ከወረዳ ከተማዋም ወዲያ ስላለው ልጅ ነው።

የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ብዙዎቹ የከተማው ልጆች አይደሉም። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ በእግራቸው ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። በአገሪቱ ውስጥ ስንትና ስንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእነዚህ ልጆች የተሞላ መሆኑን ከቢሮ ወጥቶ ወረዳ የጎበኘ ሁሉ ያውቀዋል። ሰኔ 30 ምንጣፋቸውን ጠቅልለው፣ ባዶ የዱቄት ከረጢታቸውን አጥፈው ይሄዳሉ። በሚሄዱበት ቀበሌ ከዳዊትና ከቁርኣን፣ ከታናናሾቻቸው የመማሪያ መጽሐፍ በቀር የታተመ ነገር የማይገኝበት ቤት ብዙ ነው። ለእነዚህ ልጆች የወረዳው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሐምሌ ላይ ክፍት ቢሆንም ምንም አይጠቅማቸውም። ወንዙ ሞልቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። መጽሐፉ ከሐምሌ በፊት አብሯቸው ካልተሻገረ አይሻገርም።

ደግሞም የገጠሩ ልጅ ክረምት ላይ አያርፍም። እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ፣ ከብቱ ሁሉ የሱን እጅ ይጠብቃል። ሴቷማ ከጓሮ አረም ወደ ምጣድ፣ ከምጣድ ወደ ምንጭ ነው የምትለው። ይህን እያወቅሁ ለምን አንብቡ እላለሁ? ምክንያቱም የክረምት ሥራ መሐል መሐሉ ክፍት ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ገሣውን ለብሶ ጉብታ ላይ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ሰዓት ረጅም ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም ሰው ቤት ይገባል። ማታ ደግሞ ብዙ ቤት ዛሬ ከኩራዝ ወደ ሶላር መብራት ተሻግሯል፤ አንዲት ትንሽ አምፖል ለአንድ ገጽ ትበቃለች። ከተማሪዎቼ አንዱ የነገረኝን አልረሳውም፦ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ካፊያ ሲጥል ይሸጉጠዋል፣ ሲያባራ ያወጣዋል። እናቱ መጀመሪያ ላይ «ከብቱን እህል ውስጥ ልታስገባ ነው» ብለው ተቆጡ። በኋላ ማታ ማታ «የደረስክበትን ንገረን» ማለት ጀመሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የክረምት መጽሐፍ አንድ ፌስታል ጨምሩበት፤ ዋጋው ከዚህ ግባ አይባልም።

«የሚያነብ ልጅ የትም ፈልጎ ያነባል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ነቢይ መኮንን ዛሬ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን የምናውቀውን ትርጉም በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ መጻፉን በምሳሌነት ያነሱልኛል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ስሰማው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እዚያ እስር ቤት ውስጥ እንኳ ቢያንስ ዋናው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገብቶ ነበር። እኔ የምለው ለተማሪዎቻችን ይህችን ያህል እናድርግላቸው ነው።

ወደ ከተማው ልጅ ልመለስ፤ የሱ ነገር ሌላ ነው። አቅም ያለው ወላጅ ሐምሌ ሳይገባ ሰመር ክላስ ያስመዘግባል፤ ልጁ የመጪውን ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ገና የካርዱ ቀለም ሳይደርቅ ይጀምራል። የቀረው ጊዜ የስልክ ነው። ስልኩን ለመርገም አልተነሣሁም፤ እኔም ቲክቶክ ላይ ስስቅ አመሻለሁ። የዚያው ስልክ ቴሌግራም ውስጥ ልጆቹ የሚቀባበሏቸው የአማርኛ መጻሕፍት ቁጥራቸው ብዙ ነው። ለደራሲውና ለአሳታሚው ትልቅ በደል መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገሩ ሕግ ፊት መቅረብ ያለበት ነው። ነገር ግን በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ አጉልቶ፣ ጎትቶ፣ ዐይኑን አጥፍቶ አምስት መቶ ገጽ የሚያነብን ልጅ «ማንበብ አይወድም» ልለው አልችልም። የሚወደውን የሚያገኝበት ቀና መንገድ ነው ያጣው።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር ልግባ፤ ምን ያንብቡ? በየትምህርት ቤታችን አጥር ላይ «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚል ተጽፏል። ከአጥሩ ጀርባ ግን ልብ ወለድ ይዞ የተገኘ ልጅ «ይህን ተረት ትተህ ትምህርትህን አጥና» ይባላል። ንባብ ሲታወጅም ዝርዝር ይወጣል፤ ዝርዝሩን የምናወጣው እኛ ነን፤ ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረውም እኛ በሃምሳ ዓመታችን ልጆቹ ቢያነቡት የምንወደው ነው። ከዚያ «ያነበባችሁትን በአምስት ገጽ አሳጥራችሁ መስከረም ላይ አምጡ፤ ከዐሥር ይያዛል» እንላለን። በዚህ አኳኋን ደስታው ይሞታል። ልጁ ጓደኛው አሳጥሮ የጻፈውን ገልብጦ ያመጣል፤ እኛም አርመን ስምንት እንሰጠዋለን።

የፍቅር ታሪክ ይሁን፣ የወንጀል ምርመራ ይሁን፣ የስለላ ይሁን፣ መራጩ ልጁ ይሁን። ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸውን የስለላ መጻሕፍት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ያነበበው ትውልድ ዛሬ ሐኪም፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ ሆኗል፤ ምናልባት ከእናንተም መካከል አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በአዋቂዎች ዘንድ ምን ያህል እንዳከራከረ አስታውሳለሁ፤ እኔ ራሴ ካልወደዱት ወገን ነኝ። ክፍል ውስጥ ግን ከዚያ በፊት አንድ መጽሐፍ ጨርሰው የማያውቁ ወንዶች ልጆች ወረፋ ይዘው ሲያነቡት አይቻለሁ። ከነሱ አንዳንዶቹ ወደ በዓሉ ግርማ፣ ወደ ብርሃኑ ዘሪሁን ተሻገሩ። አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ምንም አይደለም።

ነገሬን በአንድ ሰው ታሪክ ላስረግጥ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ ያለ መጽሐፍ መጀመሪያ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር፤ እሱም ክላሲክ የሚባል ሥራ አልነበረም፤ ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ያ መጽሐፍ ያስያዛቸው ልማድ የት እንዳደረሳቸው ተመልከቱ። አሜሪካ ተሰደው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሠሩ፤ ተመልሰው በአውሮፓውያኑ 2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ መንደር ለመንደር እንዲዞር አደረጉ። ያን የፍቅር ልብ ወለድ በያዙ ጊዜ አንድ መምህር «ይህ የማይረባ ነው፤ ወርውረው» ብሏቸው ቢሆንስ?

ልጁ ራሱ የመረጠውን መጽሐፍ ይዞ ይሂድ ማለቴ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ ግዛት ሪቻርድ አሊንግተንና አን መክጊል-ፍራንዘን የተባሉ ተመራማሪዎች በድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች በእያንዳንዱ የበጋ ዕረፍታቸው ዋዜማ 12 መጽሐፍ ሰጡ፤ ይህንንም ለሦስት ዓመት ደጋገሙት። መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ፈተና አልነበረም፤ መልሱም አልተባሉም። በአውሮፓውያኑ 2010 ያሳተሙት ውጤት የልጆቹ የንባብ ችሎታ በዕረፍት ጊዜ ትምህርት ከሚማሩ ልጆች ጋር የሚነጻጸር መሻሻል ማሳየቱን ይናገራል። ልጆቹ ከኛ ተማሪዎች በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ አገሩም ሌላ ነው። ቢሆንም መጽሐፍ ይዞ መሄድ ብቻውን፣ ያለ አስተማሪና ያለ ክፍል፣ ፍሬ እንዳለው ያሳያል። ለሰመር ክላስ መምህር የሚከፈል በጀት የሌለው ወረዳ ይህን ቢሰማ ደስ ሊለው ይገባል።

«አይመልሱም» ትላላችሁ። ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ማዋስ ስላልቻልኩ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የራሴን መጻሕፍት በሰኔ አከፋፍላለሁ፤ የምይዘው መዝገብ ስምና ርዕስ ብቻ ያለበት ደብተር ነው። አብዛኞቹ መስከረም ላይ ይመለሳሉ። ጢስ ጢስ እያለ የሚመለስ አለ፤ ቅቤ የነካው አለ፤ ጀርባው ተገንጥሎ በጆንያ መስፊያ ክር የተሰፋ አለ። አንዱ ሳይመለስ ከረመና በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ከማላውቀው ልጅ እጅ መጣ፤ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲሻገር የመጨረሻው ገጽ ላይ የአንባቢዎቹ ስም በተለያየ የእጅ ጽሕፈት ተደርድሮበታል፤ አንደኛው ስም የዲያቆን ነው። የጠፉም አሉ። የጠፉትን ሌላ ቦታ እየተነበቡ ነው ብዬ ትቻቸዋለሁ፤ እኔ ኦዲተር የለብኝም።

እናንተ ግን አለባችሁ፤ ስለዚህ የምጠይቀው ኦዲተሩም የሚቀበለውን ነገር ነው። በሰኔው ቆጠራ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «በተማሪ እጅ ያለ»። ተማሪው የፈረመበት መዝገብ ካለ መጽሐፉ እንዳለ ይቆጠር። ክሊራንሱ ለመማሪያ መጻሕፍት ብቻ ይሁን፤ እነሱ ለመጪው ተማሪ ስለሚያስፈልጉ መመለሳቸው ተገቢ ነው። ልብ ወለዱ፣ ግጥሙ፣ የሕይወት ታሪኩ ግን መስከረም ድረስ ይቆይ። ከዚያ በኋላ የጎደለውን ምስጥ የበላውን በሰረዝንበት ቃለ ጉባኤ እንሰርዘው፤ ከሠራተኛዋ ደመወዝ አይቆረጥ። እንዲያውም ከዚህ ቢያልፍ እወድ ነበር፤ ልብ ወለድ ከቋሚ ንብረት ወጥቶ እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት አላቂ ዕቃ ቢባል። ጠመኔ አለቀ ተብሎ መምህር ተከስሶ አያውቅም፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፎበት ነዋ ያለቀው። የንብረት አስተዳደር ባለሙያዎች በዚህ ሐሳብ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ይሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ይመልከቱት።

ሰኔ ላይ ፈተና ባለቀ ሰሞን ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሥራ ፈትተው የሚውሉበት ሳምንት አለ። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ነው። ልጁ ያገላብጥ፣ ጀርባውን ያንብብ፣ ጓደኛውን ይጠይቅ፣ ይምረጥ። ሁለት ወይም ሦስት ይውሰድ። መስከረም ላይ ፈተናም ማጠቃለያም አይጠየቅ። መምህሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኘው «እንዴት ነበር?» ካለው ይበቃል፤ ልጁ «መጨረሻው አበሳጨኝ» ካለም ጥሩ አንባቢ ነው።

አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ለአማርኛ ብቻ የምቆም እንዳይመስላችሁ። የክረምቱ መጽሐፍ ልጁ ቤቱ ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ ቢሆን የተሻለ ነው፤ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሌላውም። 9ኛ ክፍል ሲገባ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ በራሱ ቋንቋ ረጅም ነገር አንብቦ የማያውቅ ልጅ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ምዕራፍ ሲሰጡት ከሁለተኛው አንቀጽ አያልፍም። በየክፍሉ የማየው ይህንን ነው።

የገንዘብንም ነገር ላንሣ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ የሚነበብ አይደለም። ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ማንም የማይገልጠው የኮሌጅ አካውንቲንግ መጽሐፍ ቦታውን ይዞታል። ስኩል ግራንት ሲመጣ፣ «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ከኅብረተሰቡ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ለግድግዳና ለጣሪያ ከሚውለው ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ያገለገሉ ልብ ወለዶች ግዙ። አዲስ መጽሐፍ ዋጋው ብዙ መቶ ብር ሆኗል፤ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ምን እንደደረሰ ደራሲዎቹ ሲያለቅሱ እንሰማለን። ያገለገለው ግን በየመናኸሪያው ላስቲክ አንጥፎ ከሚሸጠው ልጅ ዘንድ አለ። እኛ ከተማ መናኸሪያ በር ላይ አንድ እንዲህ ያለ ወጣት ነበር፤ ይሸጣል፣ ያከራያልም። መታወቂያ ወይም መያዣ ብር ተቀብሎ በቀን ሒሳብ ይሰጣል። የትኛው ተማሪ ምን እንደሚወድ ከኛ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ «ለሷ ሲሳይ ንጉሡን፣ ለሱ ስለላ» ይላል። መጽሐፍ ግዢ ኮሚቴ ስታቋቁሙ እንዲህ ያለውን ሰው ብታማክሩ ከአቅራቢ ድርጅት ፕሮፎርማ የተሻለ ዝርዝር ታገኛላችሁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ፤ ወተመህ ስብሰባ ላይ አንብቡላቸው። ልጅዎ መጽሐፍ ይዞ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ሥራ ፈትቷል ማለት አይደለም። የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ ብሎ ያመጣትን ብር በመጽሐፍ ኪራይ ላይ ቢያጠፋት አይቆጡት። ማንበብ የማይችሉ ወላጅ ከሆኑ ደግሞ ያስነብቡት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማው ሕዝብ ሁሉ ፊደል የቆጠረ አልነበረም፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ያውቃቸዋል።

በመጨረሻ ቢሮዎቻችሁን በጣም የሚያሳስበውን ላንሣ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ የመምህሩ ኑሮ አለ፣ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት አለ። ሁለት ወር ልብ ወለድ ማንበብ ይህን ሁሉ ይፈታል ብዬ አልዋሽም። ፈታኝ ሆኜ ከተቀመጥኩባቸው ክፍሎች ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ብዙ ልጆች የሚወድቁት መልሱን ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን አንብበው ባለመጨረስ ነው። የአንድ ገጽ ምንባብ ሲያዩ ዐይናቸው ይደክማል፤ ገምተው ያጠቁራሉ። ዐይንን ለረጅም ገጽ የሚያለማምደው ልጁ ወዶ ያነበበው መጽሐፍ ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ጊዜ ያለው ደግሞ በክረምት ነው።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። ሚኒስቴሩ ወይም ቢሮዎቹ «የትምህርት ቤት መጻሕፍት ለክረምት ንባብ በውሰት እንዲወጡ ተፈቅዷል፤ በዚህ ምክንያት የሚጎድለው ከሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥም» የምትል የግማሽ ገጽ ሰርኩላር ይጻፉልን። ማኅተም ይኑራት፤ ያለ ማኅተም ንብረት ክፍሉ አይቀበላትም። የቆጠራው ማስታወቂያ በር ላይ የሚለጠፈው ሰኔ እንደገባ ስለሆነ ግን ግንቦት ሳያልቅ ትድረሰን፤ በሐምሌ ከደረሰች ልጆቹ ሄደዋል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቶች ንብረት አስተዳደር ክፍሎች
ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች